የቡና ማሳ ዳታ በብሎክቼይን መጋራት፦ ምኑ ሰንሰለቱ ላይ ይውጣ፣ ምኑ ውጭ ይቅር?

ማሳ_ካርታ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄው ረዘም ይላል፤ ዝርዝሩ ካልተነገረ መልሱም የደፈና ይሆናል ብዬ ነው።

አራት የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች፣ ሦስት ላኪዎችና አንድ የቅምሻ ላብራቶሪ ዳታ ሊጋሩ ነው። መነሻው የአውሮፓ ኅብረት ስለ ደን ጭፍጨፋ ያወጣው ደንብ 2023/1115 ነው። ቡናው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ካልተመነጠረበት መሬት የተለቀመ መሆኑ መታየት አለበት። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ከነጥብ በኋላ በ6 አሃዝ ይመዘገባል፤ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነው ደግሞ በአንድ ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን በፖሊጎን። መረጃው 5 ዓመት መቆየት አለበት።

ያለው ዳታ ይህን ይመስላል። ወደ 200,000 ማሳዎች በጂኦጄሰን (የካርታ ፋይል ዓይነት)፣ ከገበሬው ስምና ስልክ ጋር። የሴንቲነል-2 የሳተላይት ምስል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ሦስት የምስል ካሬ፣ በየ5 ቀኑ፤ አንዱ ወደ 1 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በዓመት 200 ጊጋባይት ያልፋል። ወደ 2 ቴራባይት የድሮን ፎቶ። በየማጠቢያ ጣቢያው የቀይ እሸት ርክክብ ደረሰኝ። ከዚያ የቅምሻ ውጤት።

አንዱ ዳታውን በሌላው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ አይፈልግም። የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን በእጁ ይያዝ፤ ማንም ከኋላ ገብቶ በዝምታ እንዳይቀይር፤ ሃምቡርግ ያለው ገዢ የአንድን ሎት (አንድ ላይ የሚሸጥ ቡና) ማስረጃ ከእኛ ጋር ስልክ ሳይደዋወል ያረጋግጥ።

የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ «ሁሉንም ኢቴሪየም ላይ» (ለሁሉም ክፍት የሆነ ብሎክቼይን)፣ ሌላው «ሁሉንም አይፒኤፍኤስ ላይ» (ፋይል በብዙ ማሽኖች መካከል የሚጋራበት ኔትወርክ)። የትኛው ያስኬዳል? የገበሬው ስምና ስልክ ሃሽ ተደርጎ (ወደ አጭር አሻራ ቁጥር ተቀይሮ) ቢወጣስ ይበቃል? ኖዱንስ (ኔትወርኩ ውስጥ ያለውን ማሽን) ማን ያስተዳድር?

ብሎክ_ቆጣሪ

ሁለቱም እንደተባሉት አያስኬዱም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

ኢቴሪየም ላይ አዲስ ቦታ ይዞ 32 ባይት መጻፍ ብቻውን 20,000 ጋዝ (የኔትወርኩ የሥራ መለኪያ) ይበላል። 1 ኪሎባይት 32 እንዲህ ያለ ቦታ ስለሆነ 640,000 ጋዝ ነው። 1 ሜጋባይት 655 ሚሊዮን። የአንድ ብሎክ ጣሪያ ለዓመታት 30 ሚሊዮን ነበር፤ ኋላ ከፍ ቢልም ስሌቱን አይለውጠውም። አንድ የ3 ሜጋባይት የድሮን ፎቶ በ30 ሚሊዮኑ ጣሪያ 65 ሙሉ ብሎክ ይወስዳል። ብሎክ በ12 ሰከንድ ስለሚወጣ፣ የዓለም ኔትወርክ ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ ለአንዲት ፎቶ 13 ደቂቃ ይቆማል ማለት ነው። 2 ቴራባይቱን ራስህ አባዛው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የመጣው «ብሎብ» ርካሽ ነው የሚል መልስ ይመጣብህ ይሆናል። እውነት ነው፣ ርካሽ ነው፤ አንዱ 128 ኪሎባይት ይይዛል። ነገር ግን ኖዶቹ ከ18 ቀን ገደማ በኋላ ይጥሉታል። 5 ዓመት መቆየት ላለበት ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ዳታው ሳይሆን የዳታው አሻራ ነው፦ የፋይሉ ሻ-256 ሃሽ (ሻ-256 የሃሽ ማውጫ ቀመር ነው)፣ ማን እንዳስገባው፣ መቼ፣ ስንተኛ ቅጂው እንደሆነ፣ ማን ማየት እንደተፈቀደለት። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከግማሽ ኪሎባይት አይበልጥም። ፋይሉ ራሱ ከሰንሰለቱ ውጭ፣ በባለቤቱ ማከማቻ ይቀመጣል። አንድ ሰው ፋይሉን ሲቀበል ሃሹን አስልቶ ሰንሰለቱ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል። አንድ ቢት ከተለወጠ አይገጥምም።

አሁን አይፒኤፍኤስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አይፒኤፍኤስ አድራሻ ይሰጣል እንጂ ማከማቻ አይሰጥም። የጫንከው ፋይል ያለው በአንተው ኖድ ዲስክ ላይ ነው። ሌላ ኖድ አውርዶ ፒን ካላደረገው (እንዳይደመሰስ ምልክት ካላደረገበት) በስተቀር የአንተ ማሽን ሲጠፋ ፋይሉም ይጠፋል። ሌላው ኖድ ለጊዜው ያወረደውም ቢሆን የቆሻሻ ማጽጃው ሲሮጥ ይደመሰሳል። ስለዚህ «አይፒኤፍኤስ ክላስተር» የሚባለውን ከላዩ አድርጉና የቅጂ ቁጥሩን ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 3 ብላችሁ ወስኑ። ቅጂዎቹም በሁለት የተለያዩ ከተሞች ይሁኑ፤ ሁለቱም አንድ ግቢ ከሆኑ አንድ የመብራት መቋረጥ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

ኔትወርኩ የግል መሆን አለበት። ለሁሉም ኖዶች አንድ ባለ 32 ባይት የጋራ ቁልፍ ይታደላል፤ ቁልፉ የሌለው ኖድ መገናኘት አይችልም። ቁልፉ ሲጠፋ ኖዱ በዝምታ ከሕዝባዊው ኔትወርክ ጋር እንዳይቀላቀል፣ የግል ኔትወርክ ካልሆነ አልነሣም የሚያሰኘውን ቅንብር አብሩት። ይህ ተዘንግቶ የማሳ ካርታ አደባባይ ቢወጣ መመለሻ የለውም።

ሌላም አለ። የአይፒኤፍኤስ መለያ የፋይሉ ሻ-256 አይደለም። ፋይሉ አስቀድሞ ይቆራረጣል፤ የተለመደው ቁራጭ 256 ኪሎባይት ነው፤ መለያውም የቁራጮቹ ዛፍ ሥር ነው። አንዱ በ256፣ ሌላው በ1 ሜጋባይት ቢቆርጥ አንድ ፋይል ሁለት መለያ ይኖረዋል፤ ከዚያ «ዳታው ተቀይሯል» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ሰንሰለቱ ላይ ሁለቱንም መዝግቡ፦ የሙሉ ፋይሉን ሻ-256 ለማረጋገጫ፣ የአይፒኤፍኤሱን መለያ ለመፈለጊያ። የቁራጩን መጠንና የመለያውን ቨርዥንም በውሉ ላይ በቁጥር ጻፉት።

በእኔ እምነት አባሎቹ ስምንት ብቻ ከሆኑ በየቤቱ አንድ ተራ የኦብጀክት ማከማቻ ሰርቨርም ይበቃል። አይፒኤፍኤስ የሚጠቅመው የሚከታተለው ባለሙያ ካለ ነው።

የሴንቲነል ምስሉን በተመለከተ፦ ለምን ትጋሩታላችሁ? ኮፐርኒከስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የምድር ምልከታ ፕሮግራም፣ ለማንም በነፃ ይሰጠዋል። መመዝገብ ያለበት የምስሉ ሙሉ ስምና ሃሹ፣ ከዚያም እናንተ ሠርታችሁ ያወጣችሁት የደን ለውጥ ካርታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያው ቀን የተነሳ ያው ምስል በአዲስ የአሠራር ቨርዥን ዳግም ሲዘጋጅ ሃሹም የፒክስል ዋጋውም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ በመጣው 04.00 ቨርዥን ፒክስሉ ላይ 1000 ይደመራል፤ ስሌት ውስጥ ሲገባ መቀነስ አለበት። አንዱ ዩኒየን በድሮው፣ ሌላው በአዲሱ ቢሠራና ያን 1000 ባይቀንሰው፣ ያልተነካ ደን የተነካ ይመስላል፤ ወይም የተመነጠረው ያልተነካ ይመስላል። ስሙ ውስጥ ያለውን የቨርዥን ቁጥር ሳታስገቡ ምስል አትመዝግቡ።

የመጀመሪያው ጭነት በኢንተርኔት አይሞከር። 1 ቴራባይት በ10 ሜጋቢት መስመር፣ ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ፣ ከ9 ቀን በላይ ነው። በሃርድ ዲስክ በእጅ ይድረስና ሲደርስ ሃሹ ይመሳከር። በመስመር የሚሄደው ዕለታዊው ጭማሪ ብቻ ይሁን።

ቁልፍ_ያዥ

ብሎክ_ቆጣሪ የነገረህን ይዘህ፣ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፦ ስልክን ሃሽ ማድረግ አይበቃም። አለማድረግ ነው ብትለኝም አልከራከርህም።

በ09 የሚጀምር ቁጥር 8 አሃዝ ይቀረዋል፤ 100 ሚሊዮን ነው። በ07 የሚጀምረውም 100 ሚሊዮን። በድምሩ 200 ሚሊዮን። ይህን ሁሉ ሻ-256 አስልቶ ከሰንሰለቱ ጋር ማመሳከር ተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የፋይዳ ቁጥርም 12 አሃዝ ነው፤ ጥሩ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ላለው ሰው ያው ነው። የማሳው መገኛ እንኳ ሃሽ ስለሆነ አይሰወርም። 6 አሃዝ ማለት የ11 ሴንቲሜትር ያህል ነጥብ ነው፤ 20 በ20 ኪሎሜትር የሆነ አካባቢ ውስጥ ወደ 33 ቢሊዮን ነጥብ አለ። ለሰው ብዙ ነው፣ ለጂፒዩ ግን ጥቂት።

መፍትሔው ሶልት ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ የተለየ 32 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ይወጣና ከመዝገቡ ጋር ተቀላቅሎ ሃሽ ይደረጋል። ሶልቱ ከዳታው ጋር ከሰንሰለቱ ውጭ ይቀመጣል፤ ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ይሰጣል። ለሁሉም መዝገብ አንድ ሶልት መጠቀም ዋጋ የለውም፤ አንዱ ያፈተለከ ቀን ሁሉም ይገለጣል። ሶልቱን ከስልኩ ወይም ከቀኑ ማውጣትም እንዲሁ።

በሰንሰለቱ ላይ ገበሬው በምንም ይሁን በምን በስሙ አይጠራ። ዩኒየኑ የሚሰጠው ትርጉም የለሽ መለያ ይኑረው፤ መለያውን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ሠንጠረዥ በዩኒየኑ ቤት ይቅር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ዳታው አውሮፓ ሲደርስ ደግሞ የእነሱ ሕግ አለ፤ በሁለቱም በኩል ገበሬው «መረጃዬ ይታረም፣ ይሰረዝ» ማለት ይችላል። ከሰንሰለት ግን የሚሰረዝ ነገር የለም። ስለዚህ የሚሰረዘው ነገር ከመጀመሪያው ሰንሰለቱ ላይ አይውጣ። ውጭ ያለው ፋይልና ሶልቱ ሲደመሰሱ ሰንሰለቱ ላይ የሚቀረው ሃሽ ወደ ማንም የማይመራ ቁጥር ይሆናል።

ፋይሎቹ በየቅጂው መቀመጫ ተመስጥረው ይቀመጡ። የተለመደው አሠራር ሁለት ደረጃ ቁልፍ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል አዲስ የኤኢኤስ-256 የምስጠራ ቁልፍ ይወጣል፤ ፋይሉ በእሱ ይቆለፋል፤ ከዚያ ያ ቁልፍ በእያንዳንዱ የተፈቀደለት አባል ሕዝባዊ ቁልፍ (ማንም ሊቆልፍበት የሚችል፣ የሚፈታው ግን አባሉ ብቻ የሆነ) ተጠቅልሎ ከፋይሉ ጋር ይሄዳል። አዲስ ተቀባይ ሲመጣ ሙሉውን ፋይል ዳግም መመስጠር አያስፈልግም፤ ትንሿን ቁልፍ ለእሱ መጠቅለል ብቻ ነው። በጂሲኤም (አንዱ የኤኢኤስ አሠራር) የምትመሰጥሩ ከሆነ በአንድ ቁልፍ አንድ ኖንስ (ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር) ሁለቴ አይደገም። ከተደገመ የሁለቱ ፋይል ልዩነት ይገለጣል፤ ማረጋገጫውም ሊጭበረበር ይችላል።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚያቃልለው ነገር፦ ሃሽ ከመደረጉ በፊት ጽሑፉ አንድ ወጥ ካልሆነ ሃሹ አይገጥምም። በአማርኛ ይህ ከባድ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ኃይሌ» ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው «ሐይሌ»። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለሻ-256 ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» እንዲሁ። ስም በመሰረቱ ሃሽ ውስጥ መግባት የለበትም፤ የቀበሌና የማጠቢያ ጣቢያ ስም ግን ይገባል። እነዚህ በነፃ የሚጻፉ ሳይሆኑ ከዝርዝር የሚመረጡ ኮዶች ይሁኑ።

ቀንም አለ። «2016-13-03» ለእኛ ጳጉሜ 3 ነው፤ ለፕሮግራሙ የሌለ ወር ነው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ስህተት ብሎ ከመቆም ይልቅ ወደ ሌላ ቀን ያዞረዋል። ስልኩ ላይ ያለው ቅጽ በእኛ አቆጣጠር ያሳይ፣ ሲያስቀምጥ ግን በጎርጎርዮሳዊና በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ያስቀምጥ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተፈረመ ርክክብ በዩቲሲ 05፡00 ነው። አንዱ 02፡00 ብሎ፣ ሌላው 08፡00 ብሎ ካስገባ የሎቱ ቅደም ተከተል ይፈርሳል።

ጂኦጄሰኑን በተመለከተ መስመሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ኬንትሮስ ይቀድማል፣ ኬክሮስ ይከተላል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ አንድ ነው፤ የውጭው ዙሪያ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይዞራል፤ ከነጥብ በኋላ በትክክል 6 አሃዝ፣ ስለዚህ 7.68 ሳይሆን 7.680000። ነጥቡን ቁጥር አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ መጨረሻው ላይ ያሉት ዜሮዎች ስለሚጠፉ በ1,000,000 አባዝታችሁ ሙሉ ቁጥር አድርጉት። የመስኮቹ ቅደም ተከተልም በአርኤፍሲ 8785 (የጄሰን አጻጻፍን አንድ ወጥ በሚያደርገው መስፈርት) ይደርደር። ኤክሴል ከፍቶ ያስቀመጠው ሲኤስቪ በምንም ዓይነት ወደ ሃሽ አይግባ፤ የስልኩን የፊት ዜሮ ይጥላል፣ ቀኑን በራሱ መልክ ይቀይራል።

ማሳ_ካርታ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የስልኩ ስሌት ብቻውን ዕቅዱን አስቀይሮታል። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ሕዝባዊው ሰንሰለት ከቀረ ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ (ለተፈቀደላቸው አባላት ብቻ የሆነ ብሎክቼይን) ታስቧል፤ በመኸር ወቅት በአንድ ምሽት ከብዙ ጣቢያ ደረሰኝ ይጎርፋል፣ ይችለዋል? ደግሞ አንድ ላኪ ከኅብረቱ ቢወጣ ያየውን እንዴት እንከለክለዋለን?

ሌሊት_ተረኛ

ይችለዋል። የሚያንቀው ፍጥነቱ ሳይሆን የቁልፍ አሰያየም ነው።

ቼይንኮዱ (ሰንሰለቱ ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም) ውስጥ «የጣቢያው የዕለቱ ጠቅላላ ኪሎ» የሚል አንድ ቁልፍ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱ ደረሰኝ እሱን አንብቦ፣ ደምሮ፣ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ ከገቡት 50 ደረሰኞች የሚጸድቀው አንዱ ብቻ ነው። 49ኙ «የንባብ ግጭት» ተብለው ይወድቃሉ፤ ብሎኩ ላይ ግን ተጽፈው ይቀመጣሉ። ላኪው ፕሮግራም ውጤቱን ካልተከታተለ ደረሰኙ ገባ ብሎ ያምናል። መፍትሔው ድምር አለመጻፍ ነው። እያንዳንዱ ደረሰኝ በጣቢያ፣ በቀንና በተራ ቁጥር የተሠራ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ ድምሩ ሲጠየቅ ይሰላ።

ቼይንኮዱ በሁሉም ፒር (በየድርጅቱ ያለ ኖድ) ላይ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለበት። የማሽኑን ሰዓት አይጠይቅ፤ የትራንዛክሽኑን ሰዓት ይጠቀም። የዘፈቀደ ቁጥር በውስጡ አይውጣ፤ ሶልቱ ከውጭ ተዘጋጅቶ ይግባ። በ«ጎ» የፕሮግራም ቋንቋ የምትጽፉ ከሆነ ማፕ ላይ መዞር ቅደም ተከተሉ በየጊዜው ስለሚለያይ መጀመሪያ ቁልፎቹን ደርድሩ። ይህ ሲጓደል የሚታየው ምልክት «የድጋፍ ፊርማዎቹ አይገጥሙም» የሚል ነው፤ አንዳንዴ ብቻ ስለሚከሰት ለማግኘት ያስቸግራል።

የሚስጥር ዳታ፣ ለምሳሌ ዋጋ፣ በ«ፕራይቬት ዳታ» ይሄዳል፤ ዳታው በተፈቀደላቸው ፒሮች የጎን ዳታቤዝ ይቀመጣል፣ ብሎኩ ላይ ሃሹ ብቻ ይወጣል። ሁለት ስህተት ግን ይህን ያፈርሰዋል። አንደኛ፣ ዳታው በ«ትራንዚየንት» መስክ ሳይሆን በተራ ግቤትነት ከተላከ ብሎኩ ላይ ለዘላለም ይጻፋል። ይህንን ኮድ ግምገማ ላይ በዓይን ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ዳታው ለሌላ ፒር መድረሱ ግዴታ የሚሆንበትን ቁጥር 0 ላይ ከተዋችሁትና የደገፈው ፒር ሳያሰራጭ መብራት ቢሄድበት፣ ሃሹ ሰንሰለቱ ላይ ይቀራል፣ ዳታው ግን የትም የለም። ቢያንስ 1 ይሁን። እዚህም ሶልት ያስፈልጋል፤ የዋጋ ሃሽም በግምት ይፈታል።

የድጋፍ ደንቡን (አንድ ትራንዛክሽን የእነማን ፊርማ እንደሚያስፈልገው የሚወስነውን) «ከግማሽ በላይ» ብላችሁ አትተዉት። ስምንት ድርጅት ካለ አምስት ፒር በአንድ ጊዜ መነሳት አለበት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ሥራ ማቆም ነው። ለርክክብ ደረሰኝ አስረካቢው ዩኒየንና ከቀሩት አንዱ ይበቃሉ። ለቅምሻ ውጤት ላብራቶሪው የግድ ይግባበት። ኦርደረር (ትራንዛክሽኖችን በተራ አሰልፎ ብሎክ የሚያወጣው ኖድ) 5 ይሁን፤ ሁለቱ ቢወድቁ ይሠራል፤ 3 ከሆነ የሚችለው የአንዱን መውደቅ ብቻ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ በአንድ ድርጅት እጅ ከሆኑ ደግሞ ያልተማከለ የሚለው ስም ብቻ ነው የሚቀረው።

ፒር የሚተከለው በዩኒየን ደረጃ ነው። በመሠረታዊ ማኅበርና በማጠቢያ ጣቢያ ስልክ ብቻ ይኑር፤ ደረሰኙ ስልኩ ላይ ይፈረማል፣ መስመር ሲገኝ ይላካል። ለፒር 4 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ሚሞሪና ኤስኤስዲ ዲስክ ይበቃል። አንድ ትራንዛክሽን ከነፊርማውና ከነሰርተፊኬቱ 5 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ሚሊዮን ደረሰኝ 5 ጊጋባይት። ዩፒኤስ ግን የግድ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል፤ ብሎኮቹ ደህና ከሆኑ ፒሩን አቁሞ ዳታቤዙን ከብሎኮቹ እንደገና ማስገንባት ይቻላል።

ኔትወርኩን ሙሉ በሙሉ የሚያቆመው ግን ሰርተፊኬት ነው። የፋብሪክ ሰርተፊኬት ሰጪ ካልተነገረው በቀር ለአባል የሚሰጠው ለ1 ዓመት ነው። የኦርደረሮቹ የቲኤልኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ሰርተፊኬት በአንድ ቀን ከወጣ በአንድ ቀን ያልቃል፤ እርስ በርስ መነጋገር ያቆማሉ፣ ብሎክ አይወጣም። አዲሱን ሰርተፊኬት ለማስገባት ደግሞ የቻነሉን (የአባላቱን የጋራ ሰንሰለት) ቅንብር መቀየር ያስፈልጋል፤ ያ ለውጥ የሚያልፈው ደግሞ በራሳቸው በቆሙት ኦርደረሮች በኩል ነው። ስለዚህ ሰርተፊኬቶቹ በተለያየ ወር የሚያልቁ ይሁኑ፤ ከማለቂያው 2 ወር ቀደም ብሎ አንድ በአንድ ይታደሱ።

ስለሚወጣው ላኪ፦ ያየውን መንጠቅ አይቻልም። ሰርተፊኬቱ ይሰረዛል፣ ከቻነሉ በአብዛኞቹ አስተዳዳሪዎች ፊርማ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚገቡ ፋይሎች ቁልፍ ለእሱ አይጠቀለልም። እስከዚያ ቀን የነበረው ግን ዲስኩ ላይ ነው። ይህንን የሚይዘው ውል ነው። ለዚህም ነው ከመጀመሪያው ላኪ የሚያየው እሱ የገዛውን ሎት ማሳዎች ብቻ መሆን ያለበት።

የመሬት_ልክ

አንድ ነገር ልጨምር። ሰንሰለቱ የሚጠብቀው የገባውን ነው፤ የገባው እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም።

በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ውስጥ የስልክ ጂፒኤስ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ይስታል። ሩብ ሄክታር ማሳ 50 በ50 ሜትር ነው። አራቱም ጎን ወደ ውጭ 5 ሜትር ቢገፋ 60 በ60 ይሆናል፤ 2,500 ካሬ ሜትር የነበረው 3,600። ማሳው ከጎረቤቱ፣ ሲብስም ከጥብቅ ደን ጋር ይደራረባል፤ አውሮፓ ላይ ሎቱን የሚያስጥለው ይህ ነው። መዝጋቢው በእያንዳንዱ ማዕዘን ቆሞ ስልኩ የሚያሳየው የስህተት ራዲየስ እስኪወርድ ይጠብቅ፤ ራዲየሱም ከነጥቡ ጋር ይመዝገብ። ከመግባቱ በፊት መደራረብና መጠላለፍ ይፈተሽ። ከሰንሰለቱ ላይ ስህተት አይፋቅም፤ የሚቻለው አዲስ ቅጂ አስገብቶ አሮጌውን «ተተክቷል» ማለት ነው።

ቼይንኮዱ ሊፈትሸው የሚችለው ነገር ግን አለ፦ ክብደት። ለ1 ኪሎ ጥሬ ቡና ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ይሄዳል። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ 19,200 ኪሎ ነው፤ ወደ 115,000 ኪሎ እሸት ይጠይቃል። ሎቱ የጠቀሳቸው ደረሰኞች ተደምረው 70,000 ኪሎ እሸት ብቻ ከሆኑ ቀሪው ቡና ካልተመዘገበ ማሳ መጥቷል። እንዲህ ያለውን ሎት ቼይንኮዱ ይመልሰው። ጀንፈል ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ወደ 2 ለ1 ይጠጋል፤ ስለዚህ የአዘገጃጀቱ ዓይነት ባዶ እንዳይታለፍ።

ጥያቄ_አለኝ

በሁሉም ዘንድ ያልተነሳውን ላንሳ። ብሎክቼይን የግድ ነው ወይ? የድረገጽ ሰርተፊኬቶች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሕዝብ ዓይን ሥር የሚመዘገቡት የሚጨመርበት እንጂ የማይፋቅበት የሃሽ መዝገብ ላይ ነው፤ ብሎክቼይን አይደለም። አንድ ሰርቨር ይጽፋል፣ ሰባቱ አባላት ቅጂ ይዘው ሥሩን (የመዝገቡን ማጠቃለያ ሃሽ) በየቀኑ ያመሳክራሉ። ከስምንት ኖድ ይልቅ አንድ ማስተዳደር ይቀላል። የትልልቅ ኅብረቶችም ታሪክ ሊታይ ይገባል፤ ሜርስክና አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 የከፈቱት ትሬድሌንስ (የመርከብ ጭነት መረጃ መጋሪያ ብሎክቼይን) በ2022 መጨረሻ እንደሚዘጋ ተነግሯል፤ የሰጡትም ምክንያት የዘርፉ ሙሉ ትብብር አለመገኘቱ ነበር እንጂ የቴክኖሎጂ ጉድለት አልነበረም።

ብሎክ_ቆጣሪ

ክርክርህ ተገቢ ነው፤ የማልስማማው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። «አንድ ሰርቨር ይጽፋል» ስትል ማን? አራቱ ዩኒየኖች አንዱ በሌላው ቤት አናስቀምጥም ያሉት እኮ ለዚህ ነው። ጸሐፊው የአንዱን ደረሰኝ አልመዘግብም ቢል መዝገቡ አይናገርም፤ ያልገባ ነገር አሻራ የለውም። ሁሉም የሚቀበሉት ገለልተኛ ጸሐፊ ከተገኘ ግን ያንተ መንገድ ይቀላል፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

በሁለቱም መንገድ የሚሠራው የመርክል ዛፍ ነው፤ ሃሾች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ አንድ ሥር የሚጠቃለሉበት። 200,000 ማሳዎችን በአንድ ዛፍ ብታስቀምጡ ሥሩ 32 ባይት ነው። ሃምቡርግ ላለው ገዢ አንድ ማሳ ዛፉ ውስጥ እንዳለ ለማሳየት 18 ሃሽ ይበቃል፤ 576 ባይት። የቀሩትን 199,999 ማሳዎች አያይም። ቅጠልና ቅርንጫፍ የተለያየ መነሻ ባይት ይኑራቸው፣ ለቅጠል 0 ለቅርንጫፍ 1፤ አለበለዚያ ቅርንጫፍን ቅጠል አስመስሎ ማቅረብ ይቻላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን የመጨረሻውን ቅጠል ደግማችሁ አትሙሉ። ቢትኮይን ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ ምክንያት ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች አንድ ሥር ሊሰጡ እንደሚችሉ ታውቋል።

ስምንት አባላት ተስማምተው ታሪክ መቀየር ይችላሉ የሚለው የገዢው ጥርጣሬ ደግሞ ትክክል ነው። ለዚህ ዕለታዊውን ሥር በኦፕንታይምስታምፕስ (የጊዜ ማኅተም አገልግሎት) ቢትኮይን ላይ ማሰር ነው። የእናንተን ሥር ከብዙ ሰው ሥር ጋር አጠቃሎ በአንድ ትራንዛክሽን ስለሚያወጣው እናንተ ክሪፕቶ መያዝም መክፈልም አይኖርባችሁም። ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. ስላሳወቀ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማረጋገጫው እስኪጸና ሰዓታት ይፈጅበታል፤ የሚመለሰው ትንሽ ፋይል ከሎቱ ሰነድ ጋር ይቀመጥ። እሱ ከጠፋ ሥሩ ቢትኮይን ላይ መኖሩን ማሳየት አይቻልም።

ማሳ_ካርታ፣ ሥራውን በአንድ ማጠቢያ ጣቢያና በአንድ ላኪ ጀምሩት። መጀመሪያ የጂኦጄሰኑንና የደረሰኙን ወጥ አጻጻፍ ወስኑና ሁለት ቡድን ተለያይቶ በየራሱ ኮድ የ300 ማሳዎችን ሃሽ ያውጣ። 300ውም እስኪገጥም ፋብሪክ የሚባል ነገር አይጫን።

ማሳ_ካርታ

ተቀብያለሁ። 300 ማሳዎች ከአንዱ ጣቢያ ተመርጠዋል፤ ነጥቦቹ በ1,000,000 ተባዝተው እየተዘጋጁ ነው። የማይገጥም ሃሽ ካለ የሁለቱን ቡድን ጽሑፍ ከነባይቱ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።